የዳነን ሰው እስከ መቼ እናርቃለን? የሥጋ ደዌ ታሪክ በአገራችን

(ይህ ጽሑፍ በሬድዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር ሲሆን ለአንባቢያን እንዲያመች በጥቂቱ ተስተካክሏል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

  



እኛ የልደታ ነዋሪዎች ታክሲ ስንጠብቅ የረዳቶቹን ጥሪ በቃላችን እናውቀዋለን። «ጦር ኃይሎች! ዘነበወርቅ! አየር ጤና!» ይላሉ። ዘነበወርቅ የሚለውን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምንሰማው አላህ ይወቀው። ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ሠፈሩስ እንዴት እንደተቆረቆረ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ይህን ልንጠይቅ ወደናል። ያነሳሳን አንድ የኒካህ ጉዳይ ነው።

በቅርቡ ሁለት ቤተሰቦች ወደ እኛ መጥተው ነበር። ወጣቱ ዲኑን የሚያከብር፣ ሠርቶ የሚያድር ልጅ ነው። ልጅቱም እንዲሁ። በመህሩ ተስማምተዋል፣ ቀንም ቆርጠዋል። በመሐል የልጅቱ አባት የወጣቱ እናት ቀድሞ የሥጋ ደዌ ታማሚ እንደነበሩ ከሰው ሰሙ። እናትየው ታክመው ከዳኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ልጁ ጤነኛ ነው። አባትየው ግን ብቻቸውን ተመልሰው መጡና «ሸይኽ፣ ልጄን ብከለክል ሸሪዓው ይፈቅድልኛል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ያን ዕለት የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር፤ እኛንም አላረካንም። ስለዚህ ወደ ኪታቡም፣ ወደ ታሪኩም፣ ወደ ሐኪሞችም ተመለስን። የዛሬው ንግግራችን የዚያ ውጤት ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ሥጋ ደዌን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን በ1873 አገኘው። ከዚያ በፊት ግን በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው በሽታው በዘር የሚወረስ ወይም የኃጢአት ቅጣት ይመስለው ነበር። ተሕዋሱ የሚተላለፈው መድኃኒት ካልጀመረ ታማሚ ጋር ለረጅም ጊዜ በቅርብ በመኖር፣ በትንፋሽ በኩል ነው። ከሰው ልጅ አብዛኛው፣ ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ፣ ሰውነቱ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይፈጃል።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በሽታው ጣትን አይበላም። የሚጎዳው ነርቭን ነው። ነርቭ ሲጎዳ ሕመም መሰማት ይጠፋል። የጋለ ጀበና የያዘ እጅ መቃጠሉን አያውቅም። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ እግር ሲያቆስል ይውላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይነካል፣ ጣት እያጠረ ይሄዳል። ሕመምን መቅመስ ከአላህ ጸጋዎች አንዱ መሆኑን እነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያስተምሩናል።

ለምጽ የሚባለው የቆዳ መንጣት ደግሞ ሌላ ነው። በዐረብኛ በረስ ይባላል፤ ሥጋ ደዌ ግን ጁዛም ነው። ሁለቱን በማምታታት ብዙ ንጹሕ ሰው ተጎድቷል።

ጥንት በአገራችን

በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ ማስታወሻው ስለ ሥጋ ደዌ ታማሚዎች ጽፏል። በብዛት አይቷል። ያስገረመው ግን ከሰው ተለይተው አለመኖራቸው ነው። ከሌላው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው እንደሚኖሩ፣ ለጽድቅ ብለው ቁስላቸውን በእጃቸው የሚያጥቡላቸው ሰዎችም እንዳሉ መስክሯል። ይህ ሰው ከአውሮፓ የመጣ ነው። በአውሮፓ ደግሞ በመካከለኛው ዘመን እንዲህ ያለው ታማሚ ከከተማ ውጭ በተለየ ቤት እንዲኖር ይደረግ ነበር።

ይህን ስንል ጥንት ሁሉም ነገር መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። በሽታው በዘር ይሄዳል የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ ዜማ እያሰሙ የሚለምኑትን፣ ላሊበላ ወይም ሐሚና የምንላቸውን ሰዎች አስታውሱ። ዜማውን ካቆሙ ደዌው ይይዛቸዋል ተብሎ ይታመን ነበር፤ እነርሱም ያምኑ ነበር። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረትም ሁላችንም እናውቀዋለን። ልብ ብለን እንስማው። ሰውየውን ከማዕድ ለማራቅ ስሙን መሣሪያ እናድርግ ነው የሚለው። ንቀቱና ፍርሃቱ ከጥንትም ነበር ማለት ነው። ያልነበረው ግን አጥር ነው።

የማግለያ ዘመን

አጥሩ በዓለም ላይ የተስፋፋው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት፣ ከቅኝ ግዛት ጋር ነው። እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ታማሚዎችን ከ1846 ጀምሮ ወደ ሮበን ደሴት አጋዙ፤ ማቆያው የተዘጋው በ1931 ነው። ኔልሰን ማንዴላ የታሰሩባት ደሴት ከእርሳቸው በፊት የእነዚህ ሰዎች እስር ቤት ነበረች። በሐዋይ ሞሎካይ በምትባል ደሴት ላይ ታማሚዎችን ማግለል በ1866 ተጀመረ። በዚያ ያገለግል የነበረው ቤልጂጋዊ ቄስ ዳሚያን በበሽታው ተይዞ በ1889 ሲሞት በአውሮፓ ትልቅ ድንጋጤ ሆነ። በ1897 በርሊን ላይ የተሰበሰቡ ሐኪሞች ማግለልን እንደ ዋና መከላከያ ደገፉ። በሚቀጥለው ዓመት በሕንድ የእንግሊዝ መንግሥት የሥጋ ደዌ ሕግ አወጣ። አሜሪካኖችም ፊሊፒንስን በያዙ ጊዜ ከ1906 ጀምሮ ታማሚዎችን በኩሊዮን ደሴት ሰበሰቡ። በዚያች ደሴት ሌላ ቦታ የማያገለግል የተለየ ሳንቲም ተሠርቶላቸው ነበር። ገንዘባቸውን እንኳ ጤነኛ እጅ እንዳይነካው ተፈራ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ፍርሃቱ የበሽታ ብቻ አልነበረም። ቅኝ ገዢዎች በአፍሪካ ከተሞች ጥቁሩን ከነጩ ሲለዩም የጤና ጥበቃን ምክንያት ያደርጉ ነበር። በኬፕታውን በ1901፣ በዳካርም በ1914 የወረርሽኝ ፍርሃት አፍሪካውያንን ከከተማ ለማስወጣት ምክንያት ሆኗል። አንድ ሰው «በሽታ» የሚል ስም ከወጣለት ቤቱንና ሠፈሩን መቀማት ቀላል ይሆናል።

ሐረርና ዘነበወርቅ

አገራችን በዚያ ዘመን ነጻ ብትሆንም አዲሱ አሠራር በሚሲዮናውያን በኩል ደረሰ። በ1901 በሐረር፣ በራስ መኮንን ድጋፍ፣ የፈረንሳይ ካፑሲን መነኮሳት ቅዱስ አንጦንዮስ የተባለውን የሥጋ ደዌ ማቆያ ከፈቱ። በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ሐረር የመስጊዶችና የዑለማ ከተማ ናት፤ ስለዚህ የእኛ ሰዎችም ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች መካከል ነበሩ ብንል አንሳሳትም።

በአዲስ አበባ ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ያኔ ገጠር በነበረው ቦታ፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አቋቋመ። ሆስፒታሉ በ1934 በለጋ ዕድሜዋ ባረፈችው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። የታክሲ ረዳቶቹ የሚጠሩት ስም የእርሷ ነው።

ለእነዚህ ሚሲዮናውያን ሚዛናዊ እንሁን። ሃይማኖታቸውን ለማስፋፋት መጥተዋል፤ ይህን አልደበቁም። ሌላው የሸሸውን ቁስል በእጃቸው አጥበዋል፤ ይህንንም ልንደብቅ አይገባም። በጎ የሠራን ሰው ማመስገን ዲናችን ያዘዘን ነው። በመቀጠልም «እኛስ የት ነበርን?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

የዚያን ጊዜ ሕክምና ከእስያ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ሾልሙግራ የሚባል ዘይት ነበር። በመርፌ ሲሰጥ እጅግ ያሠቃያል፤ የሚያድነው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ማቆያ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣበት ቀን አይታወቅም ነበር።

የአምስቱ ዓመት ወረራ

በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ። በ1937 በወጣ ድንጋጌ ጣሊያናዊ ወንድና አፍሪካዊት ሴት እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ ከለከለ። ከተማዋንም ለነጭና ለ«ተወላጅ» ከፍሎ ነደፈ። ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የተገፋውና የዛሬው መርካቶ የተመሠረተው በዚያ ንድፍ ነው። በትግራይ፣ በሰላክላካ፣ የሥጋ ደዌ ማቆያም ሠራ። ጣሊያን በ1941 ተባረረ፤ የዘር ሕጉም አብሮት ሄደ። ሰውን በቆዳው ምክንያት ከልሎ ማኖር ነውር መሆኑን ያኔ እኛው በራሳችን ላይ አይተነዋል። ነገር ግን በሽተኛን ከልሎ ማኖሩን ነውር ነው ብለን አልጠየቅንም። መርካቶ ተከልለው የኖሩት አያቶቻችን የልጅ ልጆች ዘነበወርቅን ከልለናል።

መድኃኒቱ መጣ፤ ሰዎቹ ግን አልተመለሱም

ከነጻነት በኋላ ማዕከሎቹ በዙ። በ1950ዎቹ በሻሸመኔ፣ በወሎ ደግሞ በቦሩ ሜዳ ተከፈቱ። የወሎ ሙስሊም ቦሩ ሜዳን የሚያውቃት ዐፄ ዮሐንስ በ1878 ባደረጉት ጉባኤ ነው፤ ሙስሊሙ እምነቱን እንዲለውጥ የተገደደበት መከራ ከዚያ ጋር ይታወሳል። በዚያችው ስፍራ በኋላ የብዙ ወሎየ ቁስል ታክሟል። በ1957 በጀርመን የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ርዳታ ማኅበር የመጀመሪያ ሥራውን በሐረር አቅራቢያ በቢሲዲሞ ጀመረ።

በ1965 በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ አለርት፣ ማለትም የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል ተመሠረተ። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች እዚህ መጥተው ሠለጠኑ። የተኮማተረ ጣት በቀዶ ሕክምና የሚዘረጋበት፣ ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ጫማ የሚሰፋበት ቦታ ሆነ። በ1970 ከጎኑ በሃንሰን ስም የተጠራው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ተቋቋመ። አፍሪካ የምትማርበት ቤት ከልደታ የአንድ ታክሲ መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ግን ልጆቻችንን «ወደዚያ እንዳትሄዱ» እያልን አሳደግን።

መድኃኒቱም ተሻሻለ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዳፕሶን የሚባለው ክኒን በዓለም ላይ ተስፋ ሰጠ። ተሕዋሱ ክኒኑን ሲለምደው የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ጥምር መድኃኒት እንዲሰጥ መከረ። አገራችን በ1983 ጀመረችው። እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል፤ ዋጋ አይከፈልበትም። ታማሚው መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። በ1999 አገራችን የታማሚው ቁጥር ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ በታች የሚለው የዓለም መለኪያ ላይ ደረሰች። ይህ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። በ2010ዎቹ እንኳ በየዓመቱ ሦስት ሺህ ያህል አዲስ ታማሚ ይመዘገብ ነበር።

እንግዲህ የተፈወሱት የት ሄዱ? ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከየአቅጣጫው ለሕክምና የመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። መሬታቸውን ወንድም ወስዶታል፤ ትዳራቸው ፈርሷል፤ መንደሩ አይቀበላቸውም። በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ ጎረቤት ሆኖ ኖረ። ሥራ የሚሰጣቸው ሲያጡ በዕለተ ጁሙዓ በመስጊዶቻችን በር፣ በእሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀመጡ።

ከተማው ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቆሻሻውን እዚያው አጠገባቸው ደፋ። ቆሼ የምንለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው። ያን ሰሞን ሁላችንም አልቅሰናል። ግን ሊያየው የማይፈልገውን ሰው በአንድ ጠርዝ ያኖረ ከተማ ሊያየው የማይፈልገውን ቆሻሻም ወደዚያው መውሰዱ ሊያስገርመን ይገባ ነበርን?

ሕጉና ኪታቡ

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንቅረብ። በ1960፣ በእኛ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከተጋቢዎች አንዱ ሥጋ ደዌ እንዳለበት ሳይታወቅ የተፈጸመ ጋብቻ በስሕተት ምክንያት ሊፈርስ እንደሚችል በሽታውን በስም ጠርቶ ደንግጎ ነበር። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ስም አወጣው። በምትኩ የማይድን ወይም ለዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ሥጋ ደዌ ደግሞ የሚድን ነው፤ በዘርም አይተላለፍም።

በኪታቦቻችንም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ አንደብቅም። ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት ጁዛምን ኒካህ ለማፍረስ ምርጫ ከሚሰጡ ነውሮች ቆጥረውታል። አንደኛ ነገር፣ የተናገሩት ስለ ታማሚው ስለ ራሱ እንጂ ስለ ልጁ ወይም ስለ እናቱ አይደለም። ሁለተኛ፣ በእነርሱ ዘመን በሽታው መድኃኒት አልነበረውም። ብይን ከምክንያቱ ጋር እንደሚሄድ ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው። ምክንያቱ ከተነሳ፣ ሰውየው ከዳነ፣ ብይኑን ይዘን የምንቀረው በምን ማስረጃ ነው?

ከሐዲስም የሚነሳ ጥያቄ አለ። በቡኻሪ ዘገባ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ከጁዛም ታማሚ መራቅን አዘዋል። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ ከሠቂፍ ልዑካን ጋር የመጣውን ታማሚ ሰው ቃል ኪዳኑን ከሩቅ ተቀብለው እንዲመለስ ልከውበታል። ልብ እንበል፤ ቃል ኪዳኑን ተቀብለውታል፤ ከኡማው አላወጡትም። ከታማሚ ጋር በአንድ ሣሕን መብላታቸውም በቲርሚዚና በአቡ ዳውድ ተዘግቧል፤ የሐዲስ ሊቃውንት ግን በሰነዱ ላይ ይነጋገራሉ። ዑለማ እነዚህን ሲያስታርቁ መጠንቀቁን መድኃኒት ላልነበረው ተላላፊ በሽታ፣ መቅረቡን ደግሞ ለሰውየው ክብር አድርገውታል። ለማንኛውም በሽታ አላህ መድኃኒት ማውረዱን የነገሩን ራሳቸው ነቢዩ ናቸው። መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ መሸሹ የጥንቃቄ ስም አይሰጠውም።

አንድ ሶሐባ እናስታውሳችሁ። ሙዐይቂብ ኢብኑ አቢ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ይባላሉ። በመካ ቀድመው ከሰለሙት ናቸው። የሲራ ጸሐፊዎች ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ጋር ይቆጥሯቸዋል። በኛው አገር የኖሩ፣ በኛው ምድር የተጠለሉ ሰው ናቸው። እኚህ ሶሐባ የጁዛም ታማሚ ነበሩ። ታዲያ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ምን አደረጓቸው? የሙስሊሞችን ግምጃ ቤት፣ በይተል-ማልን፣ በእጃቸው ሰጧቸው። ሐኪም ፈለጉላቸው። ከአንድ ማዕድ አብረዋቸው ይበሉ እንደነበርም ተዘግቧል። በኩሊዮን የታማሚ ሳንቲም ጤነኛ እንዳይነካው ተለየ፤ በመዲና የመላው ኡማ ገንዘብ በታማሚ እጅ ተጠበቀ። የኡመያው ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክም በ707 ገደማ ለጁዛም ታማሚዎች ቀለብ ቆርጠው ሰው እንዳይለምኑ ማድረጋቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

ይህን ታሪክ የያዝን ሰዎች ዛሬ በመስጊዳችን በር ላይ ምን እናደርጋለን? ከራሳችን እንጀምር። ከዓመታት በፊት ከጁሙዓ ስንወጣ ጣቶቻቸው ላጠሩ አንድ አዛውንት ሳንቲም ከላይ ጣል አደረግንላቸው። እጃቸውን እንዳንነካ ነበር። ሳንቲሙ ከመዳፋቸው አምልጦ መሬት ወደቀ። ማንሳት አልቻሉም። ቀና ብለው ዐይተውን ዱዓ አደረጉልን። ያ ሶደቃችን ተቀባይነት አግኝቶ እንደሆነ ዛሬም አናውቅም። የተመጻወትነውን በማዋረድ እንዳናበላሸው ቁርኣን ያስጠነቀቀን እንዲህ ላለው ጊዜ ነበር።

ለአባትየው የሰጠነው መልስ

እኚህን አባት ጠርተን ከላይ ያልነውን ሁሉ ነገርናቸው። «ሐጂ፣ የእርስዎ ልጅ የምትወስደው ጤነኛ ሰው ነው። እናቱ ድነዋል። ቢከለክሉ ሸሪዓው ምክንያት አይሆንዎትም። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ግን የእርስዎ ነው፤ እርሱን በዲን ስም አይሸፍኑት» አልናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ እሺ ብል ዘመድ ይሰማል ወይ?» አሉን። ኒካሁ ገና አልታሰረም። ውድ አድማጮች፣ ያ «ዘመድ» የተባለው እኔና እናንተ ነን። አባትየው የሚፈሩት የእኛን አፍ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ «ቆማጣ» የሚለውን ቃል ከቤታችን እናስወጣ፤ ልጆቻችን ከእኛ እንዳይሰሙት። ሁለተኛ፣ ገርጥቶ ወይም ቀልቶ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት በቆዳው ላይ ያየ፣ እጁ ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው ሳይደብቅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቀድሞ የታከመ አካሉ ሳይጎዳ ይድናል፤ የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ ኀፍረት ነው፤ ኀፍረቱን የፈጠርነው ደግሞ እኛ ነን። ሦስተኛ፣ ለዳነ ሰው ሳንቲም ከመስጠታችን በፊት እጃችንን እንስጠው። በኒካህ፣ በዒድ፣ በለቅሶ ከማዕዳችን ይቀመጥ።

ያ አላህ፣ የታመሙትን ማር። የዳኑትን ከንቀታችን ጠብቅ። ቆሼ ላይ ለሞቱት እዘንላቸው። የሐበሻን መጠለያነት የመሰከሩ ሶሐቦች በተቀመጡበት ምድር ለወገናችን መጠለያ መሆንን አድለን። አሚን።